በድግሷ ቀን ሽንኩርት የላጠችው እመይቴ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ላሚቱስ ገብታለች?

ገብታለች።

በረቱስ ተዘግቷል?

ተዘግቷል።

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የሚያንቀላፋ ካለም ያንቀላፋ፤ ሲነቃ የሰማው ይነግረዋል።

በድሮ ዘመን፣ ከሁለት ተራራ መኻል፣ አንዲት መንደር ነበረች። ከመንደሯ ራስጌ ትልቅ ዋርካ ነበረ። ከዋርካውም ሥር ምንጭ ይፈልቅ ነበር። የምንጩን ባለቤት እመይቴ ይሏታል። እመይቴን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ግን ሁሉም ያውቃታል። ሴቶቹ እንስራቸውን ሲያወርዱ «እመይቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» ይሏታል። ወገቧን ያመማት ትነግራታለች። ባሏ ያስቀየማት ባሏን ታማላታለች። እሷም ከድንጋዩ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። ይኸው ነው። ቤት የላት፣ ድግስ የላት፣ ዘበኛ የላት።

አንድ ሥራ ግን ነበራት። ሙታንን ታስታውሳለች።

በዚያች መንደር ሰው ሲሞት፣ ውኃ ይጠጣባት የነበረውን ቅል ለማንም አይሰጡም። እናቱ ወይም ሚስቱ ወይም እህቱ ታስቀምጣታለች። ከዚያም ክረምቱ ሊገባ ደመና ሲቋጥር፣ ቅሏን ይዛ ወደ ምንጩ ትወጣለች። ከምንጩ ዓይን ትቀዳና በዋርካው ሥር ታፈሳለች፤ የሟቹንም ስም ትጠራለች። ምንጩ ቡልቅ ካለ እመይቴ ስሙን ተቀበለች ማለት ነው። «እንግዲህ እኛ ብንረሳው እሷ አትረሳውም» ትልና እንባዋን ጠርጋ ትመለሳለች። ዝናብ ከቀደማት ግን አበቃ። ጎርፉ ከየሜዳው ይመጣና ውኃው ይደባለቃል፤ ስሙም በመንገድ ይጠፋል ይላሉ። የዚያ ዓመት ሟች ለከርሞ አይተላለፍም።

በዚያች መንደር የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንዳርጌ በመኸር ታመመና እህሉ ከአውድማ ሳይነሳ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ወንድም እህትም አልነበረውም። እሱን የሚያስታውስ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች፣ ቅሉን ከምሰሶው ላይ ሰቀለች።

እሷ ራሷም መርሳት ጀምራ ነበር። ይህ ነው ያስፈራት። አንድ ቀን ጥጥ እየፈተለች ሳቁን ለመስማት ብትሞክር፣ ሳሉ መጣባት። እንደገና ሞከረች። አሁንም ሳሉ መጣ። እንዝርቱን አስቀመጠችና ቅሉን እያየች፦ «ደመናው ቶሎ በመጣ» አለች። «እኔ ረስቼ ሳልጨርሰው ለእመይቴ ባስረከብኩት።»

በዚህ መኻል ወደ መንደሯ አዝማሪ መጣ። ጌጤነህ ይባላል። ጠላ ጠጣና መሰንቆውን አነሳ። ከዚያም የመንደሩን ጭቃ ሹም ደምለውን፦ «የዚህ ምንጭ ባለቤት ማን ናት?» ብሎ ጠየቀው።

ደምለውም፦ «እመይቴ ናት» አለው።

«ቆንጆ ናት?»

ደምለው አሰበ። በዕድሜው ሙሉ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። «ባትሆን ኖሮ ይነግሩን ነበር» አለ።

አዝማሪው ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ዘፈነ። ፀጉሯ ተረከዟ ላይ ይደርሳል አለ። ወገቧ በሁለት ጣት ይያዛል አለ። በጨረቃ ትታጠባለች፤ ያያት ንጉሥ ያብዳል፣ ያላያት ንጉሥ ደግሞ ባለማየቱ ያብዳል አለ። ዘፈኑ ተወደደና ገበያ ለገበያ ዞረ። አንዱ አዝማሪ የተረገመች የንጉሥ ልጅ ናት ብሎ ጨመረበት። ሌላው ፍቅረኛዋን ስትጠብቅ ውኃ ሆና ቀረች ብሎ ጨመረበት። በየገበያው ባለፈች ቁጥር ዕድሜዋ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ገበያ ተጨምሮ ቢሆን ጡት ትጠባ ነበር።

የመንደሩም ወንዶች ማታ ማታ ራሳቸውን ቅቤ እየተቀቡ ወደ ምንጩ መውጣት ጀመሩ። የውብዳር ጎረቤት ስንዱ አንድ ቀን በአጥር ላይ፦ «የውቤ፣ ባሌ ዘንድሮ ምንጭ ወጥቶ ተመለሰ» አለቻት።

የውብዳርም፦ «ውኃ ይዞ?» አለች።

«ትካዜ ይዞ።»

ጭቃ ሹም ደምለው ነገሩን አጤነ። ስሟ አገር ለአገር የዞረ እመቤት እንዴት ዋርካ ሥር ትቀመጣለች? ቤት ይሠራላት አለ። ሥዕል ይሣልላት አለ። ከዚያም ከሩቅ አገር ሠዓሊ አስመጣ።

ሠዓሊው ቀለሙን በጠበጠና፦ «መልኳ እንዴት ያለ ነው?» አለ።

ሽማግሌዎቹ በዋርካው ጥላ ተሰበሰቡ። አንዱ፦ «ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ ሲያይዋት ወደ መሬት ታያለች» አለ። ሌላው፦ «ፍንጭት ናት፣ ስትስቅ አፏን በነጠላ ትሸፍናለች» አለ። ባሻ ወርቄ ደግሞ፦ «አንገቷ ላይ ሦስት መሥመር ንቅሳት አላት» ብሎ ተነፈሰ። እያንዳንዱ በጎረምሳነቱ እምቢ ያለችውን ልጅ ነበር የሚናገረው። የባሻ ወርቄ ሚስት እንስራ አዝላ ስታልፍ ሰማችና፦ «እሷ እንኳ የአክስቴ ልጅ ናት» ብላ ሳትቆም ሄደች።

ሠዓሊው፦ «እጇስ?» አለ።

የእጇን ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም።

ደምለውም፦ «ነጠላው ውስጥ ክተተው» አለ። ከተተው።

«እግሯስ?»

«መሬት አትረግጥም።» ደመና ላይ አቆማት።

አሁን የቀረው ሥርዓቷ ነበር። ለሥርዓቱ አያ ተገኘ ተጠሩ። አያ ተገኘ የመንደሩ አዋቂ ናቸው። ሁለት መጽሐፍ አላቸው፤ አንዱንም አንብበውታል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦ «እንዲህ ያለች ወጣት ለቅሶ አትወድም፤ ሐዘንተኛ አትቅረባት። የወተት ሽታ አትወድም፤ የምታጠባ አትቅረባት። አሮጊት ስታይ ትደነግጣለች፤ አሮጊትም አትምጣ። እግሯ የተሰነጠቀ፣ እጇ የሻከረ፣ እሷም ብትቀር ይሻላል» አሉ።

ደምለውም፦ «ታዲያ ማን ይግባ?» አለ።

አያ ተገኘ ዙሪያቸውን አዩና፦ «እኛ» አሉ።

ከዚያም በምንጩ ላይ ቤት ሠሩ። በር ገጠሙለት። ሥዕሏን ከበሩ በላይ ሰቀሉ። የደምለውን የእህት ልጅ፣ ዘለቀን፣ ዱላ አስይዘው ዘበኛ አደረጉት። ሴቶቹ ከታች፣ ከብት ከሚጠጣበት እንዲቀዱ ታዘዙ። ስንዱም እንስራዋን እያጠበች፦ «እመይቴ ከፍ ባለች ቁጥር እኛ ቁልቁል ወረድን» አለች።

ደመናው መቋጠር ጀመረ። የውብዳርም ቅሏን አወረደችና ወደ ምንጩ ወጣች።

ዘለቀ ከበሩ ላይ አያት። «እትዬ የውብዳር፣ ተመለሺ። ሐዘንተኛ ክልክል ነው።»

የውብዳርም፦ «ሐዘን ባይኖርብኝ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አለችው።

«ፀጉርሽ ሲያድግ ነይ።»

«ፀጉሬ እስኪያድግ ዝናቡ ይጠብቀኛል?»

«እሱን ከዝናቡ ጋር ተነጋገሪ። እኔ የታዘዝኩት ስለ ፀጉር ነው።»

«ዘለቀ፣ የእናትህን ቅል ያፈሰሰችው እህትህ ናት። የዚያን ለት እሷም ራሷን ተላጭታ ነበር። እመይቴ ደነገጠች?»

ዘለቀ ወደ ሥዕሉ ቀና አለ፣ ወደ የውብዳርም ጎንበስ አለ። «ያኔ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን አናውቅም ነበር» አለ።

የውብዳር ቅሏን በነጠላዋ ጠቅልላ ተመለሰች። ደመናው ከተራራው ራስ ላይ ወፍሮ ተቀምጧል። ትናንት ነጭ ነበር፣ ዛሬ ጠቁሯል።

ጭቃ ሹም ደምለውም ቤቱ የሚመረቅበትን ድግስ ጠራ። የጎረቤት መንደር ጭቃ ሹሞች ሁሉ ይመጣሉ። በእንግዶቹም ፊት ደምለው የአባቱን ስም ለእመይቴ ይጠራል ተባለ። የአባቱ ቅል ከፈሰሰ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። እናቱ በእጇ አፍስሳዋለች። ያኔ ግን እንግዳ አልነበረም።

ድግስ ከሆነ ሴት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ እንዲመጡ ታዘዙ፤ የምታጠባውም፣ አሮጊቷም፣ ሐዘንተኛዋም። ወደ ጓዳው ዳስ ነው እንጂ ወደ ምንጩ ቤት አይደለም። ጓዳ ሲሆን የተላጨ ራስ አያስደነግጥም። የውብዳርም ቅሏን በመቀነቷ ሸጉጣ ሄደች። ሰዉ ሲሰክር በጓሮ ሾልኬ እገባለሁ ብላ አሰበች። ሌላ ቀን አልቀራትም። የዝናቡ ሽታ መጥቷል።

በመንገድ ላይ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት አገኘች። ጎባጣ ናት። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። እጇ እንደ ዋርካው ሥር ነው። ከቀሚሷም ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል፤ በዚያ መንገድ ግን ወንዝ የለም።

አሮጊቷም፦ «ልጄ፣ ድግስ አለ አሉ። የማን ነው?» አለች።

የውብዳርም፦ «የእመይቴ ነው፣ እናቴ» አለቻት።

«እንዲያ ነው? እኔን የነገረኝ የለም» አለችና ተነሳች። የውብዳር ክንዷን ደገፈቻት።

እናንተ አወቃችኋት። ዝም በሉ፣ ለነሱ እንዳትነግሩብኝ።

ከበሩ ሲደርሱ ዘለቀ ዱላውን አጋደመ። «ወዴት ነው እማማ?»

አሮጊቷም፦ «ወደ ቤቴ» አለች።

«ይሄ እኮ የእመይቴ ቤት ነው።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ዘለቀ ሳቀ። ወደ ሥዕሉም ጠቆመና፦ «እመይቴ ይቻትልሽ። እስቲ ትመስያታለሽ?» አላት።

አሮጊቷ ቀና ብላ አየች። ብዙ አየች። «ምስኪን» አለች። «ምሳ አልሰጧትም? እጇንስ ምን አገኘው?»

«እጇ ነጠላው ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ማን ይቀዳላታል?»

ዘለቀ ተቆጣ። «ጓዳ ሂጂ። ለአሮጊት ሥራ አይጠፋም።»

ወደ ጓዳው ዳስ ገባች። በርጩማ ሰጧት፣ ቢላዋ ሰጧት፣ የሽንኩርት ክምር ከፊቷ አፈሰሱላት። እሷም መላጥ ጀመረች። ጥቂት እንደላጠች ስንዱን ቀና ብላ አየቻትና፦ «እናትሽ ሽንኩርት ስትልጥ ታፏጭ ነበር። ዓይኔን አያቃጥለኝም ትል ነበር» አለቻት።

ስንዱም፦ «እናቴን የት ታውቂያታለሽ? እኔ ሳልድህ ነው የሞተችው» አለች።

«እሱንስ አውቃለሁ። አንቺን ትታ መሄዱ ነው ያንገበገባት።»

ስንዱ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። አንዷ ከበርጩማው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ አየች። ሌላዋም አየች። አንዷም በሹክሹክታ፦ «ለወንዶቹ እንንገራቸው?» አለች።

አሮጊቷም፦ «ተዪ፣ መጀመሪያ ሽንኩርቱ ይለቅ» አለች።

የውብዳር እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች። ቅሏ ባዶ ናት። ውኃው ዘለቀ ከሚጠብቀው በር ወዲያ ነው። የምትለውን ስትፈልግ ከምንጩ ቤት ጭብጨባ ተሰማ።

በዚያ ጌጤነህ ዘፍኖ ጨርሷል። እንግዶቹ ጠጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ጭቃ ሹም ደምለው በብር የተለበጠ ዋንጫ ከምንጩ ሞላና አፈሰሰ። ድምፁንም ከፍ አድርጎ፦ «አባቴ ፊታውራሪ ውብነህ» አለ።

ምንጩ ዝም አለ።

ደምለው እንደገና ሞላ። «ፊታውራሪ ውብነህ» አለ። ምንጩ ዝም። ባለቤቲቱ የለችማ። ጓዳ ናት፣ ሽንኩርት ትልጣለች።

እንግዶቹ መተያየት ጀመሩ። አንዱ የጎረቤት ጭቃ ሹም፦ «ተኝታ ይሆናል፣ ቆንጆ እንቅልፍ ይወዳል» አለና ሌሎቹ ሳቁ። ደምለው ላብ አጠመቀው። አያ ተገኘ አፍንጫቸውን አነፈነፉና፦ «የሐዘን ሽታ ሸቶኛል። አንዷ ከለቅሶ ዕቃ ጋር ገብታለች» አሉ።

ዘለቀም፦ «አውቃታለሁ» ብሎ ሮጠ። የውብዳርን ከጓዳ ጎትቶ አመጣት። ቅሏን ከመቀነቷ መዞ ለአጎቱ ሰጠ።

ደምለው ቅሏን ከድንጋዩ በላይ ከፍ አደረገ። የውብዳር እግሩ ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ እኔን አስወጣኝ፣ አገሩንም ልልቀቅልህ። እሷን አትስበርብኝ። ከሱ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት።»

በዚያን ጊዜ አሮጊቷ ቢላዋዋን እንደያዘች መጣች። ሽንኩርቱ አልቆ ነበር። «ደምለው፣ ቅሏን መልስላት» አለች።

ደምለውም፦ «ስሜን ማን ነገረሽ?» አለ።

«አባትህ። ስላንተ ማውራት ይወዳል።» ወደሱ ተጠጋች። «አሁን ፊታውራሪ ብለህ የጠራኸውን ሰው አላውቀውም። ወደኔ አልመጣም። ውብነህን ግን አውቀዋለሁ። ፍየል ነጋዴ ነበር። ፍየሏ የታመመች እንደሆነ ለገዢው ይነግረው ነበር፤ ስለዚህ ድሀ ሆኖ ሞተ። እናትህ ቅሉን ስታፈስ ይህን ነግራኛለች። እሱን ጠርተኸው ቢሆን ኖሮ ከጓዳም ቢሆን እሰማህ ነበር።»

ደምለው እጁን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። የሚያነክስ ፍየል ተሸክሞ ከገበያ የሚመለስ ሰው ፊቱ ላይ መጣበት። ከሞተ ወዲህ አስቦት አያውቅም ነበር።

አያ ተገኘ ግን አልተዋጠላቸውም። «አይሆንም» አሉ። «እመይቴ ወጣት ናት። ተዘፍኖላታል፣ ተሥላለች፣ ሥርዓት ወጥቶላታል።»

አሮጊቷም፦ «ልጄ፣ ወጣት ከሆንኩ አያትህን ከየት አውቀዋለሁ?» አለቻቸው።

አያ ተገኘ በጣታቸው ዓመት መቁጠር ጀመሩ። ጣታቸውም አለቀ።

እሷ ግን ወደ የውብዳር ዞረችና፦ «ሽንኩርቱ አስጠማኝ። ቅጂልኝ» አለች።

የውብዳር ቅሏን ከደምለው እጅ ወሰደች። ከምንጩ ዓይን ሞላች። በዋርካው ሥር አላፈሰሰችም፤ በአሮጊቷ እጅ ላይ አስቀመጠች። ከዚያም፦ «አንዳርጌ» አለች።

አሮጊቷ ጠጣች። ጠጥታም አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አንዳርጌ» አለች። «ሲስቅ ድምፅ የሌለው። ጉልበቱን እየመታ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ። ውኃ ሲጠጣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ላንቺ የሚያስቀር፣ በቃኝ እያለ የሚዋሽ።»

የውብዳርም ሳቁን ለምን መስማት እንዳቃታት ያኔ ገባት። ድምፅ አልነበረውም። በጆሮዋ ስትፈልገው ከረመች እንጂ የሚታይ ሳቅ ነበር። አሁን አየችው፤ ከአውድማው ዳር ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ሲመታ። ሳሉ የለም።

አሮጊቷ ቅሏን መለሰችላት። ከውስጧ አንዲት ጉንጭ ቀርታ ነበር።

ምንጩም ቡልቅ አለ። ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ሮጠ። አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አሮጊቷ የለችም። ቢላዋዋ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

ቤቱ አዲስ ጭቃ ነበርና በዚያው ክረምት ፈረሰ። ወንዶቹም ስብሰባ ተቀመጡ። ዘለቀ፦ «እኔ ገና በር ላይ አውቄያት ነበር» አለ። ጌጤነህ ዘፈኑን ለወጠ፤ እመይቴ ፀጉሯ ብር ነው፣ በርጩማውንም ያቀረብኩላት እኔ ነኝ አለ። አያ ተገኘ፦ «ከእንግዲህ ሽንኩርት ያልያዘ ሰው ምንጩን እንዳይቀርብ» አሉ። ሠዓሊውም ተመልሶ ተጠራና፣ ልጅቷን እንዳለች ትተው፣ እጇን ብቻ ከነጠላው አውጥቶ ሽንኩርት እንዲያስይዛት ተስማሙ። መጨማደዷ ላይ ግን አልተስማሙም። እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ደምለው በስብሰባው አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ ብቻውን ወደ ዋርካው ወጣ አሉ። ምን እንዳለ የሰማ የለም። ምንጩ ግን ቡልቅ ብሏል።

ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ላይ ወጡ፤ «እመይቴ፣ እንዴት ዋልሽ?» አሉ፤ ባላቸውን አሙላት። የውብዳርም ፀጉሯ አደገ። ውኃ በጠጣች ቁጥር ከዚያች ቅል የመጨረሻዋን ጉንጭ ታስቀራለች። ስንዱ፦ «የውቤ፣ ለማን ነው የምታስቀሪው?» ስትላት፣ ጉልበቷን መታ ታደርግና፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ትስቃለች።

ተረቴ እዚህ አለቀ፤ ወስዳችሁታል፤ ከእንግዲህ የናንተ ነው። አፌ ግን ባዶ ቀረ፤ ዳቦውን ቁረሱና አጉርሱኝ። ቅሏም ስትዞር ሁላችሁም ጠጡ፤ የመጨረሻዋን ጉንጭ ግን ለኔ አስቀሩልኝ።